የማን ጎልድበርግ?

ስሙኝማ! ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እንቅልፍ የለም፤ ጆሮዬ ውስጥ ፒያኖ አለ፤ ነገ ሥራ እንደምገባ አሁን ማሰብ አልፈልግም። አንድ ሰው አንድን ሥራ በ22 ዓመቱ ቀዳው። ከ26 ዓመት በኋላ እዚያው ስቱዲዮ ተመልሶ ያንኑ ሥራ እንደገና ቀዳው። እኔም ዛሬ ማታ ሁለቱን አከታትዬ ሰማኋቸው። አንድ ሥራ ናቸው ብሎ የሚምል ካለ ይማል፤ እኔ አልምልም!

ከመጀመሪያው ልጀምር። ክላሲካል ሙዚቃ ለእኔ ስልክ ደውዬ «እባክዎ ይጠብቁ» ስባል የምሰማው፣ ሆቴል ገብቼ ሰው ስጠብቅ ከጣሪያው የሚንሾካሾክ ነገር ነበር። ፒያኖ ሲባል ልቤ የሚያውቀው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ደራሲም ተጫዋችም ራሳቸው ስለሆኑ «የማን?» ብዬ የምጠይቅበት ምክንያት አልነበረኝም። ባለፈው ወር ግን «እስቲ ባህን ልሞክር» አልኩና ስልኬ ላይ «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» ብዬ ፈለግሁ። መዓት ነው! ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ አያልቅም። ሥራው ያው፣ ስሙ ያው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ፊት ግን ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ። ሽሮ ሜዳ ገብቶ «አንድ ነጠላ ስጡኝ» እንዳለ እንግዳ ፈዝዤ ቀረሁ።

እንዲህ ሲሆን ጀማሪ ምን ያደርጋል? «ምርጥ 100 ክላሲካል» የሚለውን ይከፍታል። እኔም ከፈትኩ፤ አትክፈቱት! ከአንዱ ጭራ፣ ከሌላው ጆሮ ቆርጠው የሰፉት ነው፤ ማን እንደተጫወተው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም።

ከዚያ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ትዝታ ተከፈተና በራልኝ። እኛ እኮ ይህን ጉዳይ እናውቀዋለን! ድሮ ሙዚቃ ቤት ገብቶ «ትዝታ አለ?» ለሚል ሰው መልሱ ጥያቄ ነበር፦ «የማን?» የካሳ ተሰማ፣ ከክራሩ ጋር? የማሕሙድ? የበዛወርቅ? የአስቴር? ቅኝቱ አንድ ነው፤ ለቅሶው ግን የየራስ ነው። የማሕሙድን የሚወድ ሰው የሌላ ሰው ትዝታ ቢሰጡት ገንዘቡን ያስመልሳል። ለካ ክላሲካልም እንዲሁ ነው! ወረቀቱ ላይ ያለው ኖታ ገና ሙዚቃ አይደለም፤ አንድ ሰው መጥቶ ነፍስ ሊዘራበት ይገባል። የእኔ ጥያቄ «ምን ልስማ?» ሳይሆን «የማንን ልስማ?» መሆን ነበረበት።

ስለ ሥራው ትንሽ ልበል። ደራሲው ባህ በ1741 አሳተመው (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው)። አሪያ በምትባል ጸጥ ያለች ዜማ ይጀምራል፤ ከዚያ 30 ቫሪየሽኖች ይከተላሉ፤ በመጨረሻ ያቺው አሪያ ትመለሳለች። በየቫሪየሽኑ የሚደጋገመው ከላይ የሚሰማው ዜማ አይደለም፤ ከሥር የሚሄደው ወፍራሙ ድምፅ ነው። መሠረቱ አንድ፣ በላዩ የቆመው ቤት 30! ከየሦስቱ አንዷ ደግሞ፣ ከመጨረሻዋ በቀር፣ ካኖን ናት፦ አንዱ ድምፅ ይጀምራል፤ ሌላው ጥቂት ቆይቶ ያንኑ እያለ ይከተለዋል፤ አባቱን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ አካሄዱን የሚኮርጅ ልጅ በሉት። እንቅልፍ ላጣ መኳንንት ሌሊት ሌሊት እንዲጫወትለት፣ ጎልድበርግ ለሚባል ወጣት ተብሎ ተጻፈ የሚል ወሬም አለ። አጥኚዎች ብዙም አያምኑትም። እኔም አላምነውም፤ ሰዓቱን እያያችሁት ነው፣ ይህ ሥራ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ አያመጣም።

አሁን ወደ ሰውዬው! በጁን 1955 ግሌን ጉልድ የሚባል የቶሮንቶ ልጅ ኒውዮርክ፣ 30ኛው መንገድ ላይ ወደነበረው የኮሎምቢያ ሪከርድስ ስቱዲዮ ገባ። ቦታው ድሮ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የጃዙ ማይልስ ዴቪስም «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን በ1959 የቀዳው እዚያው ነው። ወሩ የሙቀት ወር ነው፤ ልጁ ግን ካፖርት ደርቧል፣ ጓንት አጥልቋል። የሚጠጣውን ውሃ፣ ክኒኖቹንና ፎጣዎቹን ከቤቱ ይዞ መጥቷል። ከመጫወቱ በፊት እጁን እስከ ክርኑ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋል። ወንበሩስ! አባቱ እግሮቿን ያሳጠረለት ታጣፊ ወንበር ናት፤ ሲቀመጥባት አፍንጫው የፒያኖውን ቁልፍ ሊነካ ይደርሳል። ዕድሜ ልኩን አልተለያትም።

እንግዲህ ይህ ልጅ ጀመረ። አሪያዋ ሁለት ደቂቃ ሳትሞላ አለፈች። የመጀመሪያዋ ቫሪየሽን 45 ሰከንድ! ደረጃ ሦስት ሦስቱን እየዘለለ የሚወርድ ልጅ ነው፤ ይወድቃል ብላችሁ ትሳቀቃላችሁ፣ አይወድቅም። ፍጥነቱ ብቻ አይደለም ያሳበደኝ። ያን ያህል እየሮጠ አንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር አይጣበቅም፤ ተለቅሞ እንደተበጠረ ስንዴ ፍሬ በፍሬ ነው። ግራ እጁና ቀኝ እጁ የሁለት ሰው ይመስላሉ፤ ይጨዋወታሉ፣ ይሟገታሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ያሾፋል። ሥራው በሙሉ 38 ደቂቃ ከምናምን አለቀ፤ ቆሜ ነበር ለካ።

መሀል ላይ ባለቤቴ ከወጥ ቤት፣ «ማነው እዚያ የሚያንጎራጉረው?» አለች። ጉልድ ነዋ! ሲጫወት አፉ አያርፍም፤ ያዜማል፣ ያጉረመርማል። የቀረጻ ባለሙያዎቹ ሊያስተዉት አልቻሉም። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፤ አሥረኛዋ ቫሪየሽን ላይ ስትደርሱ ግን ትለምዱታላችሁ፤ ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል።

ከዚያ በ1964፣ ገና በ31 ዓመቱ፣ መድረክ በቃኝ አለ። ከዚያ ወዲህ የተጫወተው ለማይክሮፎን ነው። በ1981 ደግሞ ያንኑ ጎልድበርግ ሊቀዳ ወደዚያው ስቱዲዮ ተመለሰ።

ይህኛው አሪያ ሲጀምር ስልኬ የተበላሸ መሰለኝ። አንድ ድምፅ... ከዚያ ዝምታ... ከዚያ ሌላ ድምፅ። ያቺው ሁለት ደቂቃ ያልሞላችው አሪያ ሦስት ደቂቃ ሆናለች። ልጁ የሮጠበትን መንገድ ሰውዬው በእግሩ ይሄዳል፤ በየደጁ ቆም ይላል፤ ማን እዚያ ይኖር እንደነበር ያስታውሳል። ትዝታ ይህ ካልሆነ ትዝታ ምንድነው? ጠቅላላው 51 ደቂቃ ነው። ከፊሉ በ1955 ያለፋቸውን ድግግሞሾች አንዳንዶቹን ስለመለሳቸው ነው፤ ግን ሁሉም ዝግ አለ ብላችሁ እንዳትሞኙ! ድንገት ተነስቶ የሚበርባቸው አሉ። የለወጠው ሌላ ነገር ነው። የ1955ቱ 30 የተለያዩ ርችቶች ናቸው፤ የ1981ዱ ውስጥ ግን ከአንዷ ቫሪየሽን ወደ ሌላዋ የሚሻገር አንድ የልብ ምት አለ።

25ኛዋን ብቻዬን ልሰማት አልፈልግም ነበር፤ ብቻዬን ሰማኋት። ይህንኑ ሥራ ከጉልድ በፊት የቀዳችው ቫንዳ ላንዶፍስካ «ጥቁሯ ዕንቁ» ብላታለች። በሁለቱም ቅጂዎች ከስድስት ደቂቃ በላይ ትወስዳለች፤ ያ ሯጭ ልጅ እንኳ እዚህች ላይ ሲደርስ ቆሟል። በ22 ዓመቱ ሐዘንን በምናቡ ሲስለው ይሰማል፤ በ48 ዓመቱ ግን እየነገረን ነው።

ሁለተኛው ቅጂ በወጣበት ዓመት፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1982፣ 50 ዓመት በሞላው በዘጠነኛው ቀን ጉልድ ሞተ። ቶሮንቶ ያለው የመቃብር ድንጋዩ ላይ የአሪያዋ የመጀመሪያ ኖታዎች ተቀርጸዋል።

እና እናንተ፣ እንደኔ ጀማሪዎች፣ እባካችሁ መቶ ሥራ አትሰብስቡ! አንድ ሥራ ያዙና ሁለት ቅጂ ስሙ። ጉልድን ከሆነ የ1955ቱን አስቀድሙ፤ ድምፁ ሞኖ ነው ብላችሁ አትናቁት። ደግሞ ተጠንቀቁ፤ መተግበሪያው የሚያሳያችሁ ዓመት ብዙ ጊዜ እንደገና የታተመበት እንጂ የተቀዳበት አይደለም። የተጫዋቹን ስምና የተቀዳበትን ዓመት አጣሩ። ኦርኬስትራ ከሆነ ኮንዳክተሩን፦ የቤትሆቨን አምስተኛን ካርሎስ ክላይበር በ1974 ከቪየናዎቹ ጋር የቀዳውን ስሙና፣ ፉርትቬንግለር በ1947 ከበርሊኖቹ ጋር የመራውን አስከትሉ። በከፍተኛ ድምፅ! ጎረቤት ይቅርታ ያደርጋል።

እዚህ ድረስ ጽፌ እንቅልፍ ጣለኝ። አሁን ሌላ ማታ ነው። ላንዶፍስካ በ1933 በሃርፕሲኮርድ የቀዳችውን ጎልድበርግ ከፍቻለሁ፤ ባህም ሥራውን የጻፈው ለዚያ መሣሪያ ነው። ፒያኖ አውታሩን በመዶሻ ይመታል፤ ሃርፕሲኮርድ እንደ ክራር ይነካዋል። ሌላ አገር ነው! ጆሮዬ ገና መንገዱን አልለየም፤ አሪያዋን ግን አወቅኋት፣ ልብሷን ቀይራ መጥታ። ባለቤቴ ጥቂት ሰምታ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«ምነው፣ ሰውዬው ዛሬ አያንጎራጉርም?»