«ማሸጊያ» ወይስ «ምርጊት»? ስለ አንድ የጋራዥ ቃል የቀረበ ትችት

የመኪና አካል ጥገና ቃላትን ወደ አማርኛ የሚመልስ አንድ ረቂቅ ዝርዝር አስተያየት እንድንሰጥበት ደርሶን ነበር። አዘጋጆቹ የደከሙበት መሆኑ ከየገጹ ይታያልና ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ከቃላቱ አንዱ ለብቻው ሊመረመር የሚገባው ሆኖ ስላገኘነው ይህን ትችት ጽፈናል። ቃሉ «የስፌት ማሸጊያ» የሚለው ነው። በዚህ ስም እንዲጠራ የታሰበው፣ ሁለት ላሜራዎች ተደራርበው በተበየዱበት መስመር ላይ ውኃና አቧራ እንዳይገባ የሚቀባው፣ እንደ ሊጥ የሚለሰልሰው ነገር ነው።

ለነገር ስም ከማውጣት በፊት ነገሩን ማወቅ ስለሚገባ፣ አስቀድመን ወደ ሥራው ቦታ እንሂድ። ለዚህም መተማን መርጠናል። ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ በገንዳ ውኃ አልፎ መተማ ዮሐንስ፣ ከሱዳኗ ጋላባት ፊት ለፊት ይደርሳል። በዚህ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ወደ ጭቃ ይለወጣል። ላሜራው ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። ከመኪናው ወለል ሥር የተለጠፈው ጭቃ ርጥበቱን ይዞ ይከርማል። ውኃም በሁለት ላሜራ መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት ሲያገኝ በራሱ እየተሳበ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ዝገት የሚጀምረው ዓይን በማያየው በዚህ ቦታ ነው።

በዚያው ከተማ በአንድ ጋራዥ አንድ «ቅጥቅጥ» ሲታደስ ተመልክተናል። ቅጥቅጥ እንደሚታወቀው በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻሲ ላይ አካሉ በአገር ውስጥ ከላሜራ ተቀጥቅጦ የሚሠራ አውቶቡስ ነው። የወለሉ መጋጠሚያዎች ቀደም ሲል በሌላ እጅ በስቱኮ ተሞልተው ነበር። ስቱኮ ደርቆ የሚጠነክር ነገር ስለሆነ የላሜራውን መለጠጥና መሰብሰብ ሊከተል አልቻለም፤ ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁም ርጥበት መጥጦ ያዘ። ሲፋቅ ከሥሩ የወጣው ላሜራ እንደ ወንፊት ተበስቶ ነበር። ያን የመጀመሪያውን ጠጋኝ ለመውቀስ አንቸኩልም። ምናልባት «ድፈነው» ተብሎ ይሆናል፤ እርሱም ደፍኖታል። የተሰረጎደን ላሜራ በስቱኮ መድፈንና የሁለት ላሜራን መጋጠሚያ ከውኃ መከላከል በአንድ ግሥ ሲነገሩ፣ ለማጁ በአንድ ነገር ቢሠራቸው አያስደንቅም።

እንግዲህ በጋራዦቻችን ያሉትን ስሞች እንይ። «ላሜራ»፣ «ስቱኮ»፣ «ኮፋኖ» የመሳሰሉት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። «ማስቲሽ»ም እንደዚሁ ነው፤ ሥሩ ወደ ግሪክኛ ይዘልቃል፤ በጥንት ትርጉሙም ከዛፍ የሚፈስ ሙጫ ማለት ነው። የመተማ ቆላ የዕጣን ዛፍ አገር ስለሆነ፣ «ታዲያ ሙጫ ብንለውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣ ይሆናል። ነገር ግን ሙጫም ሆነ ማስቲሽ በአማርኛ የሚያጣብቅ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ላሜራውን ከላሜራ ጋር የሚይዘው ብየዳው እንጂ ቅቡ አይደለም። ከድንበሩ ማዶ ዐረብኛ ተናጋሪዎች «መዕጁን» የሚሉትም «አቦካ» ከሚል ግሥ የወጣ ሆኖ፣ የሚያመለክተው የእኛን ስቱኮ ነው። «ሲሊኮን» የሚለው ስም ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ያስከትላል፤ በቱቦ የሚሸጠውን ሁሉ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው እውነተኛውን ሲሊኮን ገዝቶ ሊቀባ ይችላል። በሲሊኮን ላይ ቀለም አይይዝም፤ ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ባዶ ብረትን ያዝጋል።

ወደ ረቂቁ እንመለስ። «የስፌት ማሸጊያ» የባዕዱን ስም ቃል በቃል የገለበጠ ነው። ስፌት በአማርኛ መርፌና ክር፣ ወይም አክርማና ስንደዶ ይፈልጋል፤ ላሜራ ግን ይጋጠማል፣ ይበየዳል እንጂ አይሰፋም። «አሸገ» የሚለው ግሥም ደብዳቤን፣ ቤትን በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ዕቃን በካርቶን ማሸግን ያስታውሳል። በሱቅ «ማሸጊያ ስጠኝ» የሚል ሰው የካርቶን ፕላስተር ቢቀርብለት ባለሱቁ አልተሳሳተም። ከዚህ የሚበልጥ ችግርም አለ። የታሸገ ነገር በሁሉም በኩል የተዘጋ ነው። የመኪና በርና ደፍ ግን ከታች የውኃ መውጫ ቀዳዳ አላቸው፤ እነዚህ ክፍት መሆን አለባቸው። «አሽገው» የተባለ ለማጅ እነዚህንም ቢዘጋ፣ ትእዛዙን ፈጸመ እንጂ አላጓደለም፤ መኪናው ግን ከውስጥ ይበሰብሳል።

እኛ የምናቀርበው «የመጋጠሚያ ምርጊት» የሚለውን ነው። ግሡ «መረገ» ነው። የግድግዳ እንጨት በጭቃ ይመረጋል፤ የጠላ ጋን አፉ ተከድኖ ዙሪያው ይመረጋል። በጋኑ ላይ ምርጊቱ ክዳኑን አይሸከምም፤ ክዳኑና አፉ በሚገናኙበት መስመር ብቻ ዐልፎ ነፋስ ይከለክላል። በላሜራ መጋጠሚያ ላይ የሚደረገውም ይኸው ነው። ስለዚህ ቃሉ ነገሩን ብቻ ሳይሆን ቦታውንና ልኩንም ይናገራል።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ የጭቃ ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይህኛው ግን እንዳይሰነጠቅ የሚፈለግ ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። መልሳችን ስም የሚወጣው ከቁሱ ሳይሆን ከአገልግሎቱ ነው የሚል ነው፤ የቁሱን ጠባይ የሚናገረው ፍችው ነው። ለዚህም ምስክር አለን። «የብርጭቆ ወረቀት» ከጣልያንኛው ቃል በቃል የተወሰደ ነው፤ ዛሬ ወረቀቱ ላይ ብርጭቆ የለም፤ ስሙ ግን ሥራውን አሳምሮ ይሠራል። ይህ ምሳሌ እኛንም ያርመናል፤ ቃል በቃል መመለስ ሁሉ ክፉ አይደለም። የብርጭቆ ወረቀት የተወደደው ለማጁን ስላላሳሳተ ነው።

የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። ከእነርሱ የወረስነው ትልቁ ትምህርት ፍች ለአንባቢው የሚያደርስ መሆን እንዳለበት ነው። በዚህ መሠረት ለረቂቁ የሚከተለውን ፍች እናቀርባለን፦

ምርጊት፣ የመጋጠሚያ (ስም)፦ ሁለት ላሜራዎች በሚጋጠሙበት መስመር ላይ የሚቀባ፣ ሲደርቅ እንደ ላስቲክ ተለጣጭ ሆኖ የሚቀርና ቀለም የሚይዝ ነገር። አሮጌው ምርጊትና ዝገቱ ተፍቀው፣ ላሜራው ከቅባት ጸድቶ፣ ፕራይመር የሚባለው የመጀመሪያ ቀለም ከተቀባና ከደረቀ በኋላ፣ ከዋናው ቀለም በፊት ይደረጋል። በሚታይ ቦታ በቱቦ ቀጥ ብሎ ይሳባል፤ በወለልና በጎማ ጓዳ በብሩሽ የሚቀባው ዓይነት ይበቃል። ፖሊዩረቴን የሚባለው ባለ አንድ ቱቦው ዓይነት የሚደርቀው ከአየር ርጥበት በመሳብ ስለሆነ፣ በቆላ በጋ መዘግየቱን፣ በክረምት መፍጠኑን ማሰብ ያስፈልጋል። የውኃ መውጫ ቀዳዳ አይመረግም። ከስቱኮ፣ ከማስቲሽና ከሲሊኮን የተለየ ነው።

ፍችው ረዘመ የሚሉን ይኖራሉ። ይህ ዝርዝር የሚዘጋጀው ግን ለምሁራን መደርደሪያ ሳይሆን ከመኪና ሥር ተንጋሎ ለሚሠራ ወጣት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በዚያ አውቶቡስ ሥር ለሠራው ሰው ቀድመው ደርሰውት ቢሆን ኖሮ፣ ወለሉ ዛሬም ይረገጥ ነበር። ስለዚህ ረቂቁ ከመታተሙ በፊት እንደ መተማ ባሉ ከተሞች ጋራዦች ውስጥ ለሠራተኞች እንዲነበብና እነርሱ የሚሰጡት ፍርድ እንዲመዘገብ እናሳስባለን። «ምርጊት»ን ትተው የተሻለ ቃል ቢሰጡን፣ የእኛን ሰርዘን የእነርሱን እንጽፋለን።