ውሃው የሚያርፍበት ጥግ

ደንበኞቼ ካና እንድተክልላቸው ሲጠሩኝ ቦታውን አስቀድመው መርጠው ነው የሚጠብቁኝ። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ በሩ አጠገብ ነው፤ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ቀዩ አበባ እንዲሆን። እኔ ግን በሩን ትቼ በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ እዞራለሁ። ልብስ የሚታጠብበትን፣ የጣሪያው አሸንዳ የሚወርድበትን፣ ሐምሌ ላይ ጫማ የሚሰምጥበትን ጥግ ነው የምፈልገው። የግቢው ውሃ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ሳላይ ለካና ጉድጓድ መቆፈር አልወድም።

ካና ውሃ እንደሚወድ የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ የሚደርስበት መደምደሚያ ግን «እንግዲያው ውሃ ማብዛት ነው» የሚል ነው፤ ከደንበኛ ጋር የምከራከረውም እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰፈር ብዙ ነው። ጥር ላይ ሮቶው ሲጎድል ከአበባና ከወጥ ቤት የቱ እንደሚቀድም መጠየቅ አያስፈልግም። በየቀኑ በጎማ ካልጠጣ የማያብብ ተክል በዚህ ከተማ ዕዳ ነው። ካና ደግሞ እንደዚያ ያለ ተክል አይደለም። የሚፈልገው ከላይ የሚፈስለትን ሳይሆን ሥሩ ባለበት፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ሳይደርቅ የሚቆይ እርጥበት ነው። ጠዋት ላዩ ላይ የተረጨ ውሃ ፀሐይ ስትበረታ ይተናል፤ ወደ ጥግ ተንሸራቶ አፈር ውስጥ የሰረገው ግን ይቆያል። ስለዚህ ካና ማሳደግ ከሁሉ በፊት ቦታ የመምረጥ ሙያ ነው። ማጠጣቱ በኋላ ይመጣል፤ እሱም ብዙ አይደለም።

አንዳንዶች ሴት አኩሪ የሚሉት ይህ ተክል የአሜሪካ ሞቃት አገሮች ተወላጅ ነው። ዘመዶቹ ግን እኛ ዘንድ ሞልተዋል፤ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ኮረሪማ፣ ሙዝና እንሰት ከካና ጋር በአንድ ሰፊ የዕፅዋት ምድብ ውስጥ ናቸው። ቅጠሉን ያየ ሰው ዝምድናውን ለማመን አይቸገርም፤ ትንሽ ኮባ ነው። ሁላችንም ሥር የምንለው ወፍራም ነገር በትክክል ሲታይ አግድም የተኛ ግንድ ነው፤ ስታርች ያከማቻል። የአንዲስ ተራራ ሕዝቦች አቺራ ብለው ከጥንት ጀምሮ ይመገቡታል፤ በቬትናም ደግሞ ከስታርቹ ኑድል ይሠራል። ለአትክልተኛ የሚጠቅመው ግን ሌላው ገጽታ ነው፤ ካና ስንቁን ከመሬት በታች ይዟል። በበጋ ውሃ ቢቋረጥበት ቶሎ አይሞትም። ቅጠሉ ከጠርዙ ይቃጠላል፣ አበባው ያንሳል፣ ያኮርፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። ደንበኞችን የሚያሳስታቸው ይኸው ቻይነቱ ነው። አለመሞቱን ቦታውን እንደ መውደድ ይቆጥሩታል።

አበባውን ቀረብ ብሎ ላየው ሌላም ጉድ አለው። ቀይ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ሆነው የሚታዩት ሰፋፊዎቹ ክፍሎች መልካቸውን የለወጡ የወንዴ አካላት ናቸው። እውነተኛዎቹ የአበባ ቅጠሎች ከሥር ተሸሽገው የቆሙት ሦስቱ ጠባቦች ናቸው፤ ማንም ልብ አይላቸውም። የአበባ ዱቄት የሚሰጠው የወንዴ አካል አንድ ብቻ፣ እሱም ግማሹ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው የዕፅዋት መጽሐፍ ተክሎችን የደረደረው በወንዴ አካላቸው ቁጥር ስለነበር፣ ካና ከሺዎች ቀድሞ መጀመሪያ ላይ የተመዘገበ ዝርያ ሆነ።

ወደ ቦታው ልመለስ። ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ቀዝቃዛ አየርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር ብርዱ በግቢው ተዳፋት ቁልቁል ተንሸራትቶ፣ አጥር ሲያግደው እዚያው ይጠራቀማል። እንግዲህ ለካና ውሃ የሚያስቀምጥለት ጥግ ውርጭም የሚያስቀምጥበት ጥግ ነው ማለት ነው። ከሙቅ አገር የመጣ ተክል ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ሲኖር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውርጭ የመታው ቅጠል በማግስቱ በፈላ ውሃ የተነከረ ይመስላል፤ ከዚያ ይጠቁራል። እኔ መፍትሔውን የማገኘው ከግንብ ነው። እርጥቡ ጥግ የድንጋይ ወይም የብሎኬት አጥር ካለው፣ አጥሩም የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል፤ ካናውን ከግንቡ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው የማርቀው። አጥሩ ቆርቆሮ ከሆነ ይህ ጥቅም የለም፤ ቆርቆሮ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል። ውርጭ የመታውን ቅጠል ወዲያው የሚቆርጡም አሉ። እኔ ብርዱ እስኪያልፍ እተወዋለሁ፤ የሞተው ቅጠል ከሥሩ ያለውን ቡቃያ ይከልልለታል።

አፈሩ እንደ ሰፈሩ ነው። ወደ እንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ይበዛል፤ ወደ አቃቂና ወደ ቦሌ ዳርቻ ጥቁሩ ዋልካ። ቀዩ ውሃ ያሳልፋል፤ ስለዚህ እዚያ ጉድጓዱን ሰፋ አድርጌ ቆፍሬ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ኮምፖስት አብዝቼ እቀላቅላለሁ፤ መደቡንም ከአካባቢው ትንሽ ዝቅ አድርጌ ዙሪያውን እከትራለሁ። ዋልካው ለሌላ አበባ መከራ ነው። የደጋ ገበሬ ዘመኑን ሁሉ ውሃውን ከዋልካ ላይ ለማንጠፍጠፍ ቦይ ሲያወጣ ይኖራል፤ ካና ደግሞ ያንኑ ያልተንጠፈጠፈውን ይፈልጋል። የዋልካ ጠላትነት በክረምት ሳይሆን በበጋ ነው። ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም ሥሩን ይበጥሳል። መድኃኒቱ መጎዝጎዝ ነው፤ የታጨደ ሣር፣ የደረቀ ቅጠል፣ የራሱ የካናው የተቆረጠ አገዳ፣ ጣት እስኪቀብር ድረስ። ጉዝጓዝ የሌለበትን የካና መደብ በበጋ ሳይ አትክልተኛው ሥራውን በግማሽ እንደተወው እቆጥረዋለሁ።

ስለ እጣቢ መናገር የግድ ነው፤ ክርክሩም ከዚህ ላይ ይጦፋል። አንዲት አረጋዊት ደንበኛዬ የልብስ ማጠቢያውን ውሃ ወደ መደቡ የሚመራ ቦይ ሳወጣ አይተው፣ «ልጄ፣ አበባዬን በሳሙና ልትፈጀው ነው?» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ ይሄ ሳሙና አይፈራም። በረኪናውን ብቻ ለሌላ ቦታ ያድርጉልኝ።»

«ለየትኛው ቦታ?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ በረኪና የሚሄድበት ቦታ ፍሳሽ መውረጃው ብቻ ነው። ካና በብዙ አገሮች የቆሸሸ ውሃ ለማጣራት በሚሠሩ ሰው ሠራሽ ረግረጎች ላይ ይተከላል። ውሃው በጠጠር መደብ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ በሥሮቹ ዙሪያና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ይበላሉ፤ ተክሉም ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ለራሱ ይወስዳል። ስለዚህ የልብስ እጣቢ ለካና ውሃም ምግብም ነው፤ ግን በልክ። የመጀመሪያው፣ አረፋ የሞላበት ውሃ ይቅርበት፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ልብሱ የተለቀለቀበት፣ ይሂድለት። የዕቃ እጣቢ አላስጠጋም፤ ቅባቱ አፈሩን ይደፍነዋል፣ ይሸታልም። በጋውን ሙሉ እጣቢ ብቻ የጠጣ መደብ ጨው ያጠራቅማል፤ ክረምቱ ያጥበዋል። ከአሸንዳው የሚወርደውን ዝናብ ወደዚያው መደብ የምመራው ለዚህ ነው፤ ለማጠጣት ሳይሆን ለማጠብ። ክረምት ላይ ካና ውሃ የሚሰጠው አያስፈልገውም።

የመትከያው ጊዜ ላይ ከብዙ ባልንጀሮቼ ጋር አልስማማም። ችግኝ የሚተከለው ሐምሌ ነው ይላሉ። ለዛፍ ይሁን። ካና ግን የሚተከለው ከተቆረጠ ሥር ስለሆነ ቁስል ይዞ ነው የሚገባው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ በረዶ የመሰለ የሐምሌ ጭቃ ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። እኔ ግንቦት ላይ መሬቱ ገና ሙቀት ሳለው እተክላለሁ። የተቆረጠውን ቁራጭ ጥላ ሥር አንድ ሁለት ቀን አስጥቼ፣ የተቆረጠበትን አመድ ነስንሼ፣ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጌ አስተኛዋለሁ፤ ከላዩ የሚለብሰው አፈር ከአራት ጣት አይበልጥም። አንድ ቁራጭ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ይበቃዋል። በመካከላቸው ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ያህል እተዋለሁ። ደንበኞች ይህን ሲያዩ «ሳሳ» ይላሉ፤ ሁለት ክረምት ይጠብቁ።

ከዘር አላበቅልም፤ ዘሩ መብቀል ስለማይችል አይደለም። ዘሩ ጥቁር ድቡልቡል ጠጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚለው፣ በሰሜን ምዕራብ አርጀንቲና ከጥንት መቃብር የተገኘ፣ በዋልነት ቅርፊት ውስጥ ታሽጎ ለመንሿሿት የተሠራ የካና ዘር 600 ዓመት ገደማ ቆይቶ በቅሏል። ልጣጩ ውሃ አያስገባም፤ ዘሩን በሞረድ ፋቅ አድርጎ በለብታ ውሃ ያሳደረ ሰው ግን ይሳካለታል። ችግሩ ልጁ እናቱን አለመምሰሉ ነው። ያጌጡት ዝርያዎች ድቅል ናቸው፤ ከቀዩ የወሰዱት ዘር ምን ይዞ እንደሚወጣ አይታወቅም። ደንበኛ ቀይ ብሎ ከከፈለ ቀይ ይጠብቃል።

ካናን በደንብ ከያዙት ዋናው ሥራ መቁረጥ ነው። አንድ አገዳ አናቱ ላይ ያብባል፤ ያ ዘለላ ሲያልቅ ከጎኑ ሌላ ይወጣል፤ አንዳንዴም ሦስተኛ። ስለዚህ የረገፈውን ዘለላ ከሚቀጥለው እምቡጥ በላይ ብቻ ነው የምቆርጠው። ችኩል አትክልተኛ ሙሉ አናቱን ይቀነጥሰዋል፤ ሁለት ዙር አበባ አብሮ ይሄዳል። አገዳው በቃኝ ሲል ደግሞ ያለ ርኅራኄ ከመሬት ላይ፤ ዳግመኛ አያብብምና ለአዲሱ ቡቃያ ብርሃን ይለቅ። በየሦስት ወይም በየአራት ዓመቱም መሐሉ ይደርቅና ቀለበት ሠርቶ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ያኔ በዶማ ሙሉውን ነቅሎ የዳሩን ወጣት ሥር መርጦ እንደገና መትከል ነው። ፍግ አብዝቶ ጥላ ውስጥ ያኖረው ሰው ቅጠል ብቻ ያገኛል፤ የቀኑን እኩሌታ ፀሐይ ማግኘት አለበት።

በሽታው ሁለት ዓይነት ነው። ክረምት ሲገፋና መደቡ ሲተፋፈግ ከቅጠሉ ሥር ብርቱካንማ ዱቄት የሚያወጣው ዋግ አንዱ ነው፤ የታመመውን ቅጠል ለቅሞ ማቃጠልና ነፋስ እንዲያልፍ ማሳሳት ይበቃዋል። ሁለተኛው ቫይረስ ነው። ቅጠሉ ላይ በደም ሥሮቹ አቅጣጫ ቢጫ ሰረዝ ይዘረጋል፣ ኋላም ሰረዙ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ አበባው ይጨማደዳል። መድኃኒት የለውም። ክሽክሽ ከተክል ወደ ተክል የሚያስተላልፈው ዓይነት አለ፤ ያልታጠበ ቢላም ሊያዳርሰው ይችላል። ከተክል ወደ ተክል ስሻገር ቢላዬን አልኮል የማስነካው ለዚህ ነው። የታመመውን ከነሥሩ አውጥቼ አቃጥላለሁ፤ ኮምፖስት ውስጥ አልጥለውም።

ከክሽክሽም ከቢላም ይልቅ ግን በዚህ ከተማ ቫይረሱን የሚያዞረው ስጦታ ነው። ካና በብዛት የሚተላለፈው በአጥር ላይ ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት፣ እህት ለእህት፣ የሠራተኛዋ ዘመድ ለአሠሪዋ። ስጦታ መቃወም ያሳፍራል፤ እኔም አልቃወምም። መጀመሪያ የሰጪው ግቢ ሄጄ ተክሉ ቅጠል ላይ ሳለ አየዋለሁ፣ ቢቻል ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ሰረዙ አዲስ ቅጠል ላይ ጎልቶ ሲታይ። ንጹሕ ከሆነ ምልክት አስሬበት ግንቦት ላይ እመለሳለሁ። ቅጠሉ ተቆርጦ ሥሩ ብቻ በፌስታል ታስሮ የመጣ ካና፣ ማንም ይስጠው ማን፣ ለብቻው በማሰሮ አፈር ተተክሎ ሦስት አራት ቅጠል እስኪያወጣ እርጥቡ ጥግ አጠገብ አይደርስም።