የዝማሬው ደራሲ ማን ተብሎ ይጻፍ?

በፓዌም ሆነ በአሶሳ ያለ ወጣት ዘማሪ ነጠላ ዝማሬውን አስቀርጾ ሲያበቃ የሚጠይቀው «በየትኛው አከፋፋይ ልልቀቀው?» ብሎ ነው። መልሱንም የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከዋጋ ነው። እኔ ግን ዋጋ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ቀላሉ ነው እላለሁ።

ዲስትሮኪድ በየዓመቱ ያስከፍላል፣ ከስርጭት ገቢው ግን ድርሻ አይወስድም። ሲዲ ቤቢ ለአንድ ሥራ አንድ ጊዜ አስከፍሎ ከገቢው 9 በመቶ ያስቀራል። ራውትኖት በነጻ ተቀብሎ 15 በመቶ ይወስዳል። «ገቢው በሙሉ የራሴ» የሚለው ቃል ጆሮ ስለሚስብ ብዙዎች ወደ መጀመሪያው ያዘነብላሉ። ነገር ግን ዓመታዊው ክፍያ ከተቋረጠ፣ ለየሥራው ተጨማሪ ካልተከፈለ በቀር፣ መዝሙሩ ይወርዳል። ክፍያው በዶላር ነው፤ ካርዱም አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ ሳይሆን ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። ዘመድ ደግሞ ይረሳል፣ ሥራ ይቀይራል፣ አንዳንዴም ይቀየማል። መዝሙራችሁ ጥቂት ሺህ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ከሆነ 15 በመቶው ሳንቲም ነው። ሳንቲም ለማትረፍ ብሎ መዝሙርን በየዓመቱ በሚታደስ ክር ላይ ማንጠልጠል ለእኔ ብልህነት አይመስለኝም።

ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት ታስሯል። መዝሙሮቹ ግን ከእጅ ወደ እጅ በሚባዛ ካሴት አገር አዳርሰዋል። ካሴቱ ለዘማሪው የሚገባውን አልከፈለም ይሆናል፤ የዓመት ኪራይ አልተከፈለም ብሎ ግን ከማንም ቤት አልወጣም።

ስለ አድማጩ ኪስ በቅጡ ያሰበው አውታር ነው። ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይሌ ሩትስና ባልደረቦቻቸው በ2011 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት ይህ መተግበሪያ ዘፈን በስልክ ሂሳብ እንዲገዛ አደረገ። ኤልያስ ብዙ ሳይቆይ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። የባንክ ካርድ የሌለው የመንደር ሰው ሙዚቃን በሕጋዊ መንገድ እንዴት ይግዛ የሚለውን ጥያቄ ግን የውጮቹ አልጠየቁትም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። አከፋፋዮቹ የሚያስሞሉት ቅጽ የግጥምና የዜማ ደራሲውን ስም ይጠይቃል። በ1977 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከወሎ ወደ በለስ ሸለቆ የሰፈሩት ሰዎች ዜማቸውንም ይዘው ነው የመጡት። በኳየር ልምምድ ላይ አንዷ አዝማቹን ታመጣለች፣ ሌላው ስንኝ ይጨምራል፣ ከበሮ መቺው ምቱን ይቀይረዋል። ከዚያ አንድ ልጅ ስቱዲዮ ገብቶ ይቀርጸውና በሣጥኑ ውስጥ የራሱን ስም ብቻ ይጽፋል።

ክፋት አይደለም፤ ሣጥኑ ጠባብ ስለሆነ ነው። መዘዙ ግን ሰፊ ነው። ብዙ አከፋፋዮች «ዩቲዩብ ላይ ይጠበቅልኝ» የሚል ምርጫ ያቀርባሉ። ያን ምልክት ካደረጋችሁ የእናንተን ቅጂ የያዘ ቪዲዮ ሁሉ ይያዛል፣ የማስታወቂያ ገቢውም ወደ እናንተ ይዞራል። ዝማሬውን አብራችሁ የወለደው ኳየር የምረቃ ቀኑን ቪዲዮ በዚያው ቅጂ አጅቦ ቢለቅ የሚያዘው የእርሱ ቪዲዮ ነው። ከኢንተርኔት የገዛችሁት ቅንብር ለሌሎችም የተሸጠ ከሆነ ደግሞ ምርጫውን ከነጭራሹ አትንኩት፤ የማታውቁትን ዘማሪ ከሳሽ ትሆናላችሁ።

አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጋራ ሥራን ያውቃል። ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት ኳየሩን ሰብስቡና ማን ምን እንዳዋጣ፣ ገቢው እንዴት እንደሚከፈል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ለቅጂው የተሰጠውን አይኤስአርሲ የሚባል መለያ ቁጥርም እዚያው መዝግቡት፤ አከፋፋይ ስትቀይሩ ያንኑ ቁጥር ካልተጠቀማችሁ የቀድሞው የአድማጭ ቁጥር ሊጠፋ ይችላል። በደራሲው ሣጥን የኳየሩን ስም መጻፍ አይበቃም፤ የሰው ስም ከነአባት ነው የሚፈለገው። አሥራ አንድ ሰው ከሆነ አሥራ አንዱም ይጻፍ።