ሥራ ማጣትና ሥራ መፍታት፤ ስለ ማሪየንታል ጥናት የቀረበ ትችት

ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ የሌለው ሰው በአማርኛ በሁለት ስሞች ይጠራል። አንደኛው «ሥራ አጥ» ሲሆን ሁለተኛው «ሥራ ፈት» ነው። ሥራ አጥ የሚባለው ፈልጎ ያላገኘ ወይም ይዞት የነበረው ከእጁ የወጣበት ነው፤ ሥራ ፈት ግን ከሥራ ጋር ያያዘው ማሰሪያ የተፈታ ሰው ስለ ሆነ በስሙ ውስጥ ነቀፋ አለበት። ሰው ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው እንዴት እንደሚሸጋገር በዝርዝር ከመረመሩት መጻሕፍት መካከል «የማሪየንታል ሥራ አጦች» የተባለው ከፍ ያለ ስፍራ አለው። መጽሐፉ በ1933 ዓ.ም. በላይፕሲግ ከተማ ታተመ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ደራስያኑም ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ናቸው።

ማሪየንታል በኦስትሪያ፥ ከቪየና በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ፥ ኑሮዋ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ የተመሠረተ መንደር ነበረች። ፋብሪካው በ1929 ሥራውን ማቋረጥ ጀምሮ በ1930 ፈጽሞ በተዘጋ ጊዜ፥ ከመንደሪቱ 478 ቤተሰቦች አብዛኞቹ ለሥራ አጦች በሚከፈለው መረዳጃ ገንዘብ የሚኖሩ ሆኑ። መርማሪዎቹ በ1931 መጨረሻ ጥናታቸውን ሲጀምሩ፥ ከመካከላቸው ማንም በተመልካችነት ብቻ ወደ መንደሪቱ እንዳይገባ፥ ይልቁንም ለነዋሪዎቹ የሚጠቅም አንድ ተግባር እንዲይዝ ወሰኑ። ስለዚህ ልብስ አደሉ፤ ነጻ ሕክምና ሰጡ፤ የልብስ ቅድና የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት አቆሙ። ይህ ውሳኔ ያስመሰግናቸዋል። ሆኖም እርዳታው ራሱ ወሬ መሰብሰቢያ በር ስለ ነበረ፥ ተረጂው እንደ ልቡ ለመናገርም ሆነ ዝም ለማለት ምን ያህል ነጻነት እንደ ነበረው መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመጽሐፉ ታላቅ ፍሬ ስለ ጊዜ የሚሰጠው ማስረጃ ነው። ከ1929 እስከ 1931 የመጻሕፍት ቤቱ የውሰት ክፍያ ቢቀርም፥ ሕዝቡ የሚዋሰው መጽሐፍ ብዛት በግማሽ ያህል ቀነሰ። ጊዜ በተረፈ ቍጥር ንባብ ጐደለ እንጂ አልጨመረም። መርማሪዎቹ ሰዓት ይዘው በዋናው መንገድ የሚያልፉትን ሲቈጥሩ፥ ወንዶቹ ደጋግመው እየቆሙ ሲጓተቱ ሴቶቹ ግን ብዙ ሳይቆሙ ያልፉ ነበር። ውሎአቸውን በወረቀት እንዲያሰፍሩ የተጠየቁ ወንዶች ከጧት እስከ ቀትር ምን እንደ ሠሩ የሚጽፉት አጡ።

ከዚህ በመነሣት «ሥራ ማጣት የጊዜን ሥርዓት ያፈርሳል» ብሎ መደምደም ይቀላል። ነገር ግን የመጽሐፉ የራሱ ማስረጃ ይህን ድምዳሜ በሁለት በኩል ያጠበዋል።

መጀመሪያ፥ የድህነት ነገር አለ። ደራስያኑ ቤተሰቦቹን በአራት መደቡ፤ እነርሱም ያልተሰበሩ፣ ዕጣቸውን የተቀበሉ፣ ተስፋ የቈረጡና ሁሉን ቸል ያሉ ናቸው። የቤተሰቡ ብዛትና ዕድሜ ታስቦ ለአንድ ዐዋቂ የሚደርሰው ወርኃዊ ገቢ በቅደም ተከተል 34፣ 30፣ 25 እና 19 ሺሊንግ ነበር። የተማሪዎች የምሳ ስንቅም መረዳጃው ሊከፈል በዋዜማውና በተከፈለ ማግስት እጅግ ይለያይ ነበር። እንግዲህ በሰውነትና በመንፈስ ላይ የታየው ድካም ከሥራ መቋረጥ ምን ያህል፥ ከረኀብ ምን ያህል እንደ መጣ ጥናቱ ሊለይ አይችልም። በ1980ዎቹ ዴቪድ ፍራየር ያሆዳን የነቀፈው በዚሁ በኩል ነው፤ በእርሱ አስተያየት ሥራ አጡን የሚጎዳው በይበልጥ ድህነትና ስለ ነገ ማቀድ አለመቻል ነው።

ሁለተኛው የሴቶቹ ነገር ነው። የፋብሪካው ሠራተኞች የነበሩት ሴቶች ደመወዛቸውን ቢያጡም ቤት መጥረግ፣ ማብሰል፣ የተቀደደ ልብስ መጣፍ ስለ ቀረላቸው ቀናቸው አልፈረሰም፤ ሥራ አጥ ሆኑ እንጂ ሥራ ፈት አልሆኑም። ሆኖም ብዙዎቹ ድካሙ እጥፍ ቢሆንባቸውም ወደ ፋብሪካው መመለስን ይመርጡ ነበር፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ቤት ጊዜያቸውን ቢሞላውም ከሰው ጋር የሚያገናኛቸውን አደባባይ አልሰጣቸውም።

ያሆዳ በ1982 ባሳተመችው መጽሐፍ፥ በኢንዱስትሪ አገር የደመወዝ ሥራ ከገንዘብ በቀር አምስት ነገሮችን አጣምሮ እንደሚሰጥ አስተማረች፤ እነርሱም የጊዜ ሥርዓት፣ ከቤተሰብ ውጭ ያለ ግንኙነት፣ የጋራ ዓላማ፣ ማዕርግና መደበኛ እንቅስቃሴ ናቸው። ትምህርቱ ብዙ ያስረዳል፤ ግን የማሪየንታል ሴቶች እነዚህ ነገሮች ሊነጣጠሉ እንደሚችሉ ከ49 ዓመት በፊት አሳይተው ነበር። በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድም ደቦ ያለ ደመወዝ የጋራ ዓላማንና ጓደኝነትን ሲያስገኝ፥ የጊዜን ሥርዓት የሚሰጡት ደግሞ ወቅቶችና በዓላት ናቸው።

ስለዚህ የማሪየንታልን መጠይቅ እንዳለ ወስዶ ደመወዝተኛ ጥቂት በሆነበት አገር መበተን፥ ሲሠራ የዋለውን ሁሉ ሥራ ፈት ብሎ መመዝገብ ይሆናል። ከመጽሐፉ መወረስ ያለበት ትዕግሥቱና የዐይኑ ጥራት ነው። ስለ ሥራና ስለ ጤና የሚመረምር ሰው ለእያንዳንዱ ወንድና ሴት ገቢው ከየት እንደሚመጣ፣ ቀኑን የሚከፍልለት ምን እንደ ሆነ፣ ከሰው ጋር የሚያገናኘው ምን እንደ ሆነ ለየብቻው ሊጠይቅ ይገባዋል። ሦስቱ በአንድ ቃል ከተጠቀለሉ፥ ጉዳቱ በየትኛው በኩል እንደ ገባ ስለማይታወቅ መድኃኒቱም አይገኝም።