የዋንዛው አልበም

ልደታ፣ በኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ፣ አጎቴ ለእናቴ የፎቶ አልበም ሠራላት፤ እጁ ይባረክ። ሁለት የዋንዛ ጣውላ ቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤ ጠርዙን በስቶ ጥቁሩን ካርቶን በክር ሰፋው። የብራና መጻሕፍታችንም በእንጨት ገበታ መካከል ተሰፍተው ነው ዘመን የተሻገሩት፤ ገበታው ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው። ፎቶዎቹ ሙጫ አልነካቸውም፤ በማዕዘናቸው ብቻ ተይዘዋል። ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት ይህን ነው። የላስቲኩ አልበማችን ተጣብቆ የአያቴን የሠርግ ፎቶ ሲልጠው አይቻለሁ። አሁን ግን ፎቶውን አውጥቶ ከጀርባው የተጻፈውን ስምና ቀን ማንበብ ይቻላል። የድሮው ግቢያችን ፈርሷል፤ የቆርቆሮው አጥር፣ እናቴ ቡና ታፈላበት የነበረው ደጅ፣ የቀሩት እዚህ ውስጥ ነው። አልበሙን ከመክፈቷ በፊት እጇን በነጠላዋ ትጠርጋለች።