ከፌሮው ጀርባ

ልስን አይተው ጥገና የሚያደንቁ ሰዎች ያናድዱኛል። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው መንገድ ዳር ያረጀ በረንዳ ወይም ኮለን በተጠገነ ቁጥር፣ ባለቤቱም ለማጁም እጁን ግድግዳው ላይ እያሳለፈ «ማሻአላህ፣ እንደ አዲስ ሆነ» ይላል። ልስላሴው የፍራታሶ ሥራ ነው፤ ስለ ውስጡ አንዳች አይናገርም።

ዝገቱን መፋቅ፣ አቧራውን ማጠብ፣ የተለሰነውን ውሃ ማጠጣት፦ ይህን ገና ያልያዘ ሰው መዶሻ አይንካ። እኔ አንድ ነገር ነው የማየው። ከፌሮው ጀርባ ተፈልፍሏል ወይስ አልተፈለፈለም?

ብረት አርማታ ውስጥ ሳይዝግ የሚቆየው ሲሚንቶው አልካላይን ስለሆነ ነው፤ ፒኤቹ 12.5 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዓመት ዓመት ወደ ውስጥ ሰርጎ ወደ 9 ገደማ ሲያወርደው ብረቱ ጠባቂ ያጣል። ምጽዋንና ጅቡቲን የሚያሠቃየው የባሕር ጨው እኛ ዘንድ የለም። የእኛ ጠላት ስስ ሽፋንና የወቅት መፈራረቅ ነው፤ በበጋ አየሩ ይገባል፣ በበልግና በክረምት ውሃው ይከተለዋል። ዝገት ከብረቱ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ሽፋኑን ገፍቶ ይሰነጥቀዋል።

ባለሙያ ነኝ ባዩ ምን ያደርጋል? የላላውን ሽፋን ያነሣል፣ የሚታየውን የፌሮ ፊት በሽቦ ብሩሽ ያሻል፣ አንቲረስት ይቀባል፣ ይለስናል። ጀርባው እዚያው በደከመው ኮንክሪት ውስጥ ይቀራል። አንድ ብረት በፊቱ አዲስ፣ በጀርባው አሮጌ ሲሚንቶ ሲነካው በሁለቱ መካከል የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ በአሮጌው በኩል ያለው ይበላል። ቀድሞ ደህና የነበረው የጎረቤቱ ፌሮ ሳይቀር የጥገናውን ጠርዝ ተከትሎ መዛግ ይጀምራል።

ይህ በጥንቱ ሥራ ላይ ይብሳል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በደሴ በኩል ወደ ሰሜን መንገድ ሲሠራ ጥርስ ያለው ፌሮ ገና አልተለመደም ነበር። ለስላሳ ክብ ፌሮን አዲሱ ሲሚንቶ ዙሪያውን ካላቀፈው የሚይዝበት ነገር የለውም።

ስለዚህ ጣት ከፌሮው ጀርባ ይለፍ፤ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር። በርዝመቱም ንጹሕ ብረት ከታየ በኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ይጨመር። ጠርዙ በግራይንደር ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ እየሳሳ የሚያልቅ ጠርዝ ተልጦ ይወድቃል። ዝገት ከፌሮው ሥጋ ሩቡን ከበላው ሌላ ፌሮ ይደረብለት። ኮለን ከሆነ ደግሞ ሸክሙ ሳይደገፍ ማንም ከፌሮ ጀርባ አይግባ። በዚህ አልደራደርም።

ይህን ያስተማሩኝ የአምባሰል ሰው ናቸው፤ በፌራዮነት ጀምረው በጥገና ያረጁ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጉድጓዱ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ከኪሳቸው ነጭ የአቡጀዲ ቁራጭ ያወጣሉ፤ ከፌሮው ጀርባ አሳልፈው፣ ሁለቱን ጫፍ ይዘው፣ ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውል ወዲያ ወዲህ ይስቡታል። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ከወጣ «አብሽር ልጄ፣ ገና ነው» ብለው መሮውን ይመልሱልኛል። ጨርቁ ጭራሽ የማያልፍ ከሆነ ግን አንድ ቃል አይወጣቸውም፤ ተነሥተው ይሄዳሉ። ከዚያ የከፋ ቁጣ አላየሁባቸውም።

አንድ የመርሳ ግንበኛ በጨርቅ አያምኑም ነበር፤ ትንሽ የመላጫ መስታወት ከጀርባ አስገብተው በባትሪ ያበሩበታል። ሁለቱ አንድ ሥራ ላይ ሲገናኙ ምሳ እስኪቀዘቅዝ ይከራከሩ ነበር። እኔ ለጨርቁ ነው የምፈርደው፤ ዝገት ላይ የተቀባ አንቲረስት መስታወትን ያታልላል፣ አቡጀዲ ግን ዱቄቱን ያወጣዋል።

ቤት የምታስጠግን ሰው፣ ጠጋኙን «ከመለሰንህ በፊት ጥራኝ» በለው፤ ጨርቅህንም ይዘህ ሂድ። ከተለሰነ በኋላ ከደረስክ ቀሪውን ክፍያ ያዝና አንድ ክረምት ይለፍበት። ከዚያ በመዶሻ አንኳኳ፤ መሐሉን ሳይሆን ዳር ዳሩን። ባዶ ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ፌሮውን ተከትሎ ቀጭን ስንጥቅ ከታየ፣ ጀርባው ሳይነካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ በራሱ ወጪ ይክፈተው።