«የቀዳዳ ቅድሚያ» ወይስ «ብሌን መር»?

የባዕዱን የሙያ ቃል ቃል በቃል መከተል ብዙ ጊዜ ትርጉሙን ያሳጣል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ፎቶግራፍ አንሺዎች «አፐርቸር ፕራዮሪቲ» የሚሉት የካሜራ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ያሺካ ኤሌክትሮ 35 የሚሠራበት ይህ ስልት ተግባሩን ለሁለት ይከፍላል፤ ይኸውም የሌንሱን ክፍተት ሰውየው ይመርጣል፤ መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ካሜራው ይወስናል።

ስሙ በቀጥታ ቢተረጎም «የቀዳዳ ቅድሚያ» ይሆናል። ይህን በሁለት ምክንያት እንነቅፋለን። አንደኛ፣ «ቀዳዳ» በጣራና በልብስ የምናውቀው ጉድለት ነው፤ እንደተፈለገ አይሰፋም፣ አይጠብም። የዐይን ብሌን ግን በጨለማ ሲሰፋ፣ በፀሓይ ሲጠብ የታወቀ ነው። ሁለተኛ፣ «ቅድሚያ» ተራን እንጂ መሪውንና ተከታዩን አይለይም።

ጉዳቱ በሥራ ላይ ይታያል። በቡሬ ገጠር፣ በሰርግ ዳስ ጥላ ውስጥ እስክስታ የሚያነሣ ጀማሪ ብሌኑን ከ4 ወደ 8 ቢያጠበው፣ የሚገባው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ካሜራውም ጉድለቱን ለማካካስ መዝጊያውን አራት እጥፍ ያቆየዋል። የጨፋሪው ትከሻ ይደበዝዛል፤ ሰርጉም አይደገምም። በዚህ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ብሌኑ የሚጠብ ስለሆነ፣ አስተማሪ «ጨምር፣ ቀንስ» ከማለት «አስፋ፣ አጥብብ» ቢል ይሻላል።

«ኤክስፖዠር»ንም «ተጋላጭነት» ማለት በሽታን ያስታውሳል፤ «የብርሃን ልክ» የተሻለ ነው።

በግዕዝ የተዋቀረ ስም መፍጠርን አንቃወምም። «ፍኖተ ሰላም»ን «የሰላም መንገድ» ብሎ መተርጐም ሳያስፈልገው የምዕራብ ጎጃም ሰው ከተማውን ይጠራበታል። ነገር ግን የከተማ ስም ቦታውን ማመልከት ይበቃዋል፤ የሙያ ቃል አሠራሩን መግለጽ አለበት። ስለዚህ «ግብርና መር» በሚለው በተለመደው ሐረግ አርአያ «ብሌን መር»ን እንመርጣለን። «ብሌን» ለአንዳንዱ ሰው መላውን የዐይን ኳስ ሊያመለክት ይችላል ለሚለው ተቃውሞ፣ በመጀመሪያው አጠቃቀም «የሌንስ ብሌን» ማለት ይበቃል።

ለመዝገበ ቃላት የምናቀርበው ፍች የሚከተለው ነው፦

ብሌን መር፦ ፎቶግራፍ አንሺው የሌንሱን ብሌን ስፋት ሲመርጥ፣ ካሜራው ለብርሃኑ ልክ የሚስማማውን የመዝጊያ ጊዜ የሚወስንበት አሠራር።